የእሳት ወፏ የማን ናት? «የሩሲያ ሙዚቃ» የሚለው ስያሜ ሲፈተሽ

ጦርነቱ በፌብሩዋሪ 2022 ወደ ሙሉ ወረራ ከተሸጋገረ ወዲህ «የሩሲያ ሙዚቃ በአውሮፓ ታገደ» የሚለው ወሬ ሳይበርድ ቆይቷል። ወሬውን የሚያነሡ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። አንዱ ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ስለሆነው የሙዚቃ ደራሲ ይናገራል፤ ሌላው ዛሬ መድረክ ላይ ቆሞ ኦርኬስትራ ስለሚመራ ሰው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመንግሥት በጀት ስለሚመደብለት ቴአትር ቤት። ሁሉም «የሩሲያ» በሚለው አንድ ቃል ተጠቅልሎ ስለሚቀርብ ክርክሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል።

ቃሉን ለመፈተሽ ከኢጎር ስትራቪንስኪ «የእሳት ወፍ» የተሻለ መሞከሪያ አይገኝም። ባሌቱ የተሠራው ከሩሲያ ተረት ነው፤ ደራሲው ተወልዶ ያደገው በሩሲያ ነው፤ ያቀረበውም ቡድን ስሙ «የሩሲያ ባሌት» ነበር። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ከሦስቱ አንዱም እንደ ተባለው ቀጥ ብሎ አይቆምም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ታገደ፣ ምን አልታገደም

በመጀመሪያ የሆነውን ከተወራው መለየት ያስፈልጋል። የዩክሬን ፓርላማ በጁን 2022 ያጸደቀው ሕግ በመገናኛ ብዙኃንና በሕዝብ መድረክ እንዳይሰማ የከለከለው፣ ከ1991 በኋላ የሩሲያ ዜጋ የሆኑ ወይም የነበሩ ሙዚቀኞችን ሥራ ነው። ወረራውን በይፋ ላወገዙት የመውጫ በር ተትቶላቸዋል። በ1893 የሞተው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪም ሆነ በ1971 የሞተው ስትራቪንስኪ በዚህ ሕግ አይነኩም።

በምዕራብ አውሮፓ የታየው ደግሞ የየተቋማቱ ውሳኔ ነው። የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ዋና መሪውን ቫለሪ ጌርጊየቭን በማርች 1 ቀን 2022 አሰናበተ፤ ምክንያቱ የሚያስመታው ሙዚቃ ሳይሆን ከቭላድሚር ፑቲን ጋር ያለው ቅርበትና ወረራውን ለማውገዝ ፈቃደኛ አለመሆኑ ነበር። የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ የሞስኮው ቦልሾይ ባሌት ለዚያው ዓመት በጋ የያዘውን ዝግጅት ሰረዘ፤ ይህም በመንግሥት ተቋም ላይ የተወሰደ እርምጃ ነው። በዌልስ የካርዲፍ ፊልሃርሞኒክ የቻይኮቭስኪን «1812» ከፕሮግራሙ ሲያወጣ ግን ነገሩ ወደ ሥራው ራሱ ተሻገረ። ያ ሙዚቃ የጦር ድል ማወደሻ ነው፤ መድፍ ሳይቀር ይተኮስበታል። ከተሞች በሚደበደቡበት ሳምንት እሱን ማሰማት ለጆሮ ይከብዳል፤ ይህን ለመረዳት የፖለቲካ ሰው መሆን አያስፈልግም። በተቃራኒው የሚላኑ ላ ስካላ በዲሴምበር 2022 የውድድር ዘመኑን የከፈተው በሩሲያዊው ደራሲ ሙሶርግስኪ ኦፔራ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ነው፤ በከተማዋ የዩክሬን ቆንስል እንዲቀር ጠይቆ ነበር፤ አልቀረም።

ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው፣ የመንግሥት ተቋምና የሞተ ሰው ሥራ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ክርክሩ በእውነት የሚከብደው ሦስተኛው ላይ ነው።

ተረቱ የትኛው ነው?

«የእሳት ወፍ ከሩሲያ ተረት የተወሰደ ባሌት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየኮንሰርቱ መግለጫ ላይ ይታተማል። አሌክሳንደር አፋናሲየቭ ከ1855 እስከ 1863 ባሳተመው ታላቅ የተረት ስብስብ ውስጥ ያንን ተረት የሚፈልግ ግን አያገኘውም። የሚያገኘው ሌሎች ሁለት ዓይነት ተረቶችን ነው።

አንደኛው የልዑል ኢቫን፣ የእሳት ወፏና የግራጫው ተኩላ ታሪክ ነው። ወፏ ሌሊት ሌሊት እየመጣች የንጉሡን የወርቅ ፖም ትሰርቃለች፤ ትንሹ ልጅ ኢቫን አድፍጦ ሊይዛት ሲሞክር አንዲት ላባ ብቻ በእጁ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ተኩላው ነው፤ ይሸከመዋል፣ ይመክረዋል፣ ወንድሞቹ በገደሉት ጊዜም በሞትና በሕይወት ውኃ ያስነሣዋል። ወፏ እዚህ ላይ የምትፈለግ ዕቃ እንጂ ባለታሪክ አይደለችም። ሁለተኛው ዓይነት «የማይሞተው» ካሽቼይ የሚገኝበት ነው። የዚህ ክፉ ጠንቋይ ሞት ከሰውነቱ ውጭ ተደብቆ ይኖራል፤ ሞቱ በእንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሉ በዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ በጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሉ በሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑም በደሴት ላይ ከበቀለ ዛፍ ሥር።

ባሌቱ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቸው። ተኩላው ወጣ፤ ወፏ የእሱን ቦታ ያዘች። ኢቫን በካሽቼይ የአትክልት ቦታ ይይዛታል፣ ለምናው ይለቅቃታል፣ እሷም ላባዋን ትሰጠዋለች። በድግምት የታሰሩ 13 ልዕልቶች በወርቅ ፖም ሲጫወቱ ያያል፤ አንዷን ይወድዳል። ካሽቼይ ወደ ድንጋይ ሊለውጠው ሲል ላባዋን ያውለበልባል፤ ወፏ ደርሳ ጭፍሮቹን እስኪወድቁ ታስጨፍራቸዋለች፣ ታስተኛቸዋለች፣ እንቁላሉ ያለበትንም ታሳየዋለች። እንቁላሉ ይሰበራል፤ ድንጋይ የሆኑት ፈረሰኞች ነፍስ ይዘራሉ።

ካሽቼይና የእሳት ወፏ ጎን ለጎን የታዩት አስቀድሞ ያኮቭ ፖሎንስኪ በ1844 በጻፈው ግጥም ውስጥ ነበር፤ ያ ደግሞ የከተማ ባለቅኔ ሥራ እንጂ የገበሬ ተረት አይደለም። (ስለ ስሟም አንድ ነገር፦ በሩሲያኛ «ዣር» የሚለው ቃል ከነበልባል ይልቅ ወደ ፍም ይጠጋል። «የፍም ወፍ» ብንላት ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ አንድ ጊዜ ገብቷል።)

ለፓሪስ የተሠራ ሩሲያዊነት

ይህን ስፌት የሰፋው የፓሪስ ገበያ ነው። የ«የሩሲያ ባሌት» ቡድን መሪ ሰርጌ ዲያጊሌቭ በ1909 ዳንሰኞቹን ይዞ ፓሪስ ሲገባ ከፍ ያለ አድናቆት አገኘ፤ የፈረንሳይ ጋዜጦች ግን በሙዚቃው ብዙም አልተደሰቱም፤ አዲስና ከሩሲያ አፈር የወጣ የሚመስል ነገር ጠበቁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ዲያጊሌቭ ለሙዚቃ ደራሲው አናቶሊ ሊያዶቭ የጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፦ የሩሲያ ኦፔራ አለ፣ የሩሲያ ሲምፎኒ አለ፣ የሩሲያ ዘፈንና ጭፈራ አለ፣ የሩሲያ ባሌት ግን የለም፤ ለመጪው ዓመት ለፓሪስና ለለንደን የሚያስፈልገኝ እሱ ነው ይላል። እንግዲህ «የሩሲያ ባሌት» የሚባለው ነገር በትእዛዝ መሠራቱን ያዘዘው ሰው ራሱ ጽፎታል።

ሊያዶቭ ግን ሥራውን አልሠራውም። ዕድሉ የ27 ዓመቱ ስትራቪንስኪ እጅ ገባ። ኮሪዮግራፈሩ፣ ማለትም የዳንሱን እንቅስቃሴ የሚደርሰው ባለሙያ፣ ሚኻይል ፎኪን ነበር። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ፎኪን የአትክልቱን አጥር እንደሚዘልል ኢቫን ሆኖ በምልክት ሲጫወት፣ ስትራቪንስኪ ፒያኖው ላይ ሆኖ እንቅስቃሴውን በድምፅ ይከተለዋል። የሙዚቃው ጽሑፍ በሜይ 1910 አለቀ፤ በጁን 25 ቀን 1910 በፓሪስ ኦፔራ ታየ። ወፏ ታማራ ካርሳቪና ነበረች። ሥራው በሩሲያ መድረክ የታየው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1921 በፔትሮግራድ (በዚያን ጊዜ የፒተርስቡርግ ስም ነው)፣ በሌላ ኮሪዮግራፈር እጅ ነው።

ይህን ያህል ሲነገር «ታዲያ ሐሰተኛ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። ተረት ነጋሪም ቢሆን ሁለት ተረት ያዋህዳል፤ እንደ ሰሚው ያሳጥራል፣ ያስረዝማል። ልዩነቱ ሰሚው የባዕድ አገር ሰው መሆኑና ባዕዱ ምን መስማት እንደሚፈልግ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ሙዚቃው ራሱ እንዴት ይሠራል?

«ሩሲያዊው ድምፅ የቱ ጋ ነው?» የሚለውን ለመመለስ ሙዚቃውን መክፈት ይሻላል። ስትራቪንስኪ የተማረው ከኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ነው። መምህሩ በተረት ኦፔራዎቹ ውስጥ አንድ ዘዴ አጽንቶ ነበር፦ ሰዎች በሕዝብ ዘፈን ዜማ ይናገራሉ፣ አስማታውያን ፍጡራን ግን ከሕዝብ ዘፈን በራቀ ቅኝት።

ይህ ሁለተኛው ቅኝት ኦክታቶኒክ ይባላል፤ ስምንት ድምፆች ያሉት ማለት ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለሚያውቅ ጆሮ ልዩነቱን መግለጽ ይቀላል። የእኛ ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀትም እኩል አይደለም፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። ጆሮ ዜማው የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው በዚህ አለመስተካከል ነው። ኦክታቶኒክ ግን ግማሽ ድምፅ፣ ሙሉ ድምፅ፣ እንደገና ግማሽ፣ እንደገና ሙሉ እያለ በእኩል ይራመዳል። እርምጃው ቶሎ ቶሎ ራሱን ስለሚደግም የትኛው ድምፅ ማረፊያ እንደሆነ አይለይም። መስኮት በሌለው ክብ አዳራሽ ውስጥ እንደ መዞር ነው። ለአስማት የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የባሌቱን መክፈቻ ልብ ብሎ ማዳመጥ ነው። ቼሎዎችና ድብል ቤዞች በታችኛው ድምፃቸው፣ ድምፅ በሚያፍን ማደብዘዣ፣ እጅግ በዝግታ ጥቂት ድምፆችን ይመላለሱባቸዋል። የዜማው ዳርቻዎች የሚራራቁት በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እንደገና እስኪደገም ባለው ርቀት፣ ልክ ግማሽ ነው፤ ይህ ርቀት ትራይቶን ይባላል፤ ወደ የትም የማያሳርፍ በመሆኑ የታወቀ ነው። ጥቂት ቆይቶ የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ክሩን ሳይጫኑ ጣታቸውን በላዩ እያንሸራተቱ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያወጣሉ። ጨለማው፣ የአትክልቱ ቦታ፣ ከሩቅ የሚብለጨለጨው ላባ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ይሣላል። ከዚያ ልዕልቶቹ ሲገቡ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ የሕዝብ ዘፈን ይይዛል፤ አድማጩ የሰው ልጅ መምጣቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

መጨረሻው ከዚህ ይበልጣል። ከወፏ የማስተኛ ዜማ በኋላ፣ በፍርሃት ውስጥ እንዳሉ በሚንቀጠቀጡ ቫዮሊኖች ላይ፣ ሆርን የተባለ አንድ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን ዜማ ያነሣል። ዜማው «በበሩ አጠገብ ጥድ ተወዛወዘ» የሚል የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ስትራቪንስኪ ያገኘው መምህሩ ካሳተመው የዘፈን ስብስብ ነው። ዜማው አጭር ነው፤ ይደገማል፣ እንደገና ይደገማል፤ በየድግግሞሹ የሚለወጠው የሚጫወቱት መሣሪያዎች ብዛትና ብርታት ነው። ወደ ፍጻሜው ያው ዜማ በሰባት ምት ይጨመቃል። ምቱን በጭብጨባ ለመቁጠር የሞከረ ሰው አንድ ምት የጎደለ ወይም የተረፈ ይመስለዋል፤ ያ መንገዳገድ ነው ደወል የሚያስመስለው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል አይደለም። የሕዝብ ዘፈኑ ሩሲያዊ ነው፤ አስማታዊው ቅኝት ግን የፒተርስቡርግ ባለሙያዎች ከሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ሊስት ሥራዎች ጭምር ተምረው ያዳበሩት የጽሕፈት ጠረጴዛ ውጤት ነው። የፓሪስ አድማጭ ይበልጥ «ሩሲያዊ» ብሎ የሰማው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

የደራሲው አገር

ስትራቪንስኪ በ1882 በፒተርስቡርግ አቅራቢያ በምትገኘው ኦራኒየንባውም ተወለደ። በ1934 የፈረንሳይ፣ በ1945 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። በስታሊን ዘመን የሶቪየት ባለሥልጣናትና ተቺዎቻቸው ሥራውን አገር የከዳ ሰው ጫጫታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ አገሩን እንደገና ያየው በ1962፣ በ80 ዓመቱ ነው። ኒው ዮርክ ሞቶ የተቀበረው ቬኒስ ውስጥ፣ ከዲያጊሌቭ መቃብር ብዙም ሳይርቅ ነው።

በዚህ ላይ የዩክሬን ጉዳይ ይጨመራል። እስከ 1914 ድረስ ብዙ በጋዎችን ያሳለፈው በቮሊን ግዛት በምትገኘው ኡስቲሉህ ነው፤ የባለቤቱ ቤተሰብ ርስት እዚያ ነበር፤ እሱም ቤት ሠርቶባታል። ኡስቲሉህ ዛሬ በዩክሬንና በፖላንድ ድንበር ላይ ያለች የዩክሬን ከተማ ስትሆን ቤቱ ሙዚየም ነው። ይህን ይዘው «ስትራቪንስኪ የእኛ ነው» የሚሉ ዩክሬናውያን አሉ። ለ«የጸደይ በዓል»፣ ለሌላው ባሌቱ፣ ይህ አባባል ውኃ ያነሣል፤ ከዚያ ሥራ የተወሰነው ክፍል በኡስቲሉህ ተጽፏልና። ለ«የእሳት ወፍ» ግን ብዙም አያስኬድም፤ እሱ የተጻፈው በፒተርስቡርግና በዙሪያዋ ነው።

የስም ለውጥ ጥያቄ ከሙዚቃ ውጭም ታይቷል። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ «የሩሲያ ዳንሰኞች» ይባል የነበረውን የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዴጋን ሥዕል በ2022 «የዩክሬን ዳንሰኞች» ብሎታል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሰማያዊና ቢጫ ሪባን ነው። እንዲህ ያለው እርማት ሁልጊዜ ፖለቲካ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የግዛቱ ዘመን «ሩሲያዊ» የሚለው ቃል ብዙ ሕዝቦችን የዋጠ ቃል ነበር።

ሁለቱ ወገኖች

የዩክሬን የባህል ሚኒስትር የነበሩት ኦሌክሳንደር ትካቼንኮ በዲሴምበር 2022 የምዕራቡ ዓለም መድረኮች ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ የሩሲያን ሙዚቃ ወደ ጎን እንዲያቆዩ ጠየቁ። ትካቼንኮ ቻይኮቭስኪ ይሰረዝ አላሉም፤ ይቆይ ነው ያሉት። መከራከሪያቸው የሩሲያ መንግሥት ባህልን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል፣ ጦርነቱም የዩክሬንን ባህል ለመደምሰስ የሚደረግ ነው የሚል ነው። ለዚህ መከራከሪያ ሳይፈልጉ ማስረጃ ያቀበሉት ፑቲን ራሳቸው ናቸው፤ በማርች 2022 በቴሌቪዥን ቀርበው ቻይኮቭስኪን፣ ሾስታኮቪችንና ራህማኒኖቭን በስም እየጠሩ ምዕራቡን መጽሐፍ ካቃጠሉት ናዚዎች ጋር አነጻጽረዋል። መንግሥት የሞቱትን ጠበቃ አድርጎ ካቆማቸው ሌላው ወገን እነሱን በጥርጣሬ ቢያይ አይደንቅም።

የሚቃወሙት ደግሞ የሞተ ሰው አቋም ሊጠየቅ አይችልም፣ ሥራውም የአድማጩ ሁሉ ሀብት ነው ይላሉ። ይህም እውነት አለው፤ ነገር ግን «ሙዚቃ ከፖለቲካ በላይ ነው» እስከሚለው ድረስ ሲለጠጥ ይበጠሳል። «የእሳት ወፍ» ከመጀመሪያው የአገር ምስል ለመሸጥ የተሰናዳ ሥራ መሆኑን አይተናል። የእኔ ግምት የትካቼንኮ መከራከሪያ ለ«1812» ጠንካራ፣ ለ«የእሳት ወፍ» ደካማ ነው የሚል ነው። አንደኛው የጦር ሠራዊትን ድል ያከብራል፤ የሁለተኛውን ደራሲ ግን የሶቪየት መንግሥት ለአሥርት ዓመታት ሲያገልለው ኖሯል።

ከሁለቱ ወገን በአንዱ ለመመደብ የሚያስቸግር ሰው አሌክሴ ራትማንስኪ ነው። በኪየቭ ያደገ፣ በሞስኮ የተማረ፣ የቦልሾይ ባሌት ዳይሬክተር የነበረ ኮሪዮግራፈር ነው። በ2012 ለአሜሪካን ባሌት ቴአትር «የእሳት ወፍ»ን እንደ አዲስ ደርሷል። ወረራው በጀመረ ዕለት ሞስኮ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር፤ ትቶ ወጣ። በ2024 ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ያቀረበው «ብቸኝነት» በካርኪቭ ከተገደለ ልጁ ሬሳ አጠገብ የተንበረከከን አባት ያሳያል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል፣ ወዴትስ ያመራል?

«ሙዚቃውን ማጫወት ለሞስኮ ገንዘብ መላክ ነው» የሚለው ግምት በዚህ ሥራ ላይ አይሠራም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል፤ የስትራቪንስኪ የሚያበቃው በ2041 መጨረሻ ነው፤ ክፍያውም ለአሳታሚዎችና ለወራሾች ይሄዳል። በአሜሪካ የ1910ሩ ሙሉ ባሌትና የ1919ኙ ስዊት፣ ማለትም ከባሌቱ ተመርጠው ለኮንሰርት የተሰናዱት ክፍሎች፣ ማንም በነፃ የሚጫወታቸው ናቸው። ደራሲው በ1945 ሌላ ስዊት ያሰናዳው ከጥበብ ፍላጎት ጋር የቅጂ መብት ገቢም አሳስቦት ነው።

በተግባር የሚታየው ለውጥ በሌላ አቅጣጫ ነው። ከ2022 ወዲህ የዩክሬን ደራስያን ሥራ፣ በተለይም የቫለንቲን ሲልቬስትሮቭና የቦሪስ ሊያቶሺንስኪ፣ ቀድሞ በማይሰማባቸው አዳራሾች ተሰምቷል። የሊያቶሺንስኪ ሦስተኛ ሲምፎኒ የመጨረሻው ክፍል «ሰላም ጦርነትን ያሸንፋል» የሚል መሪ ቃል ነበረው፤ የሶቪየት ባለሥልጣናት አስለውጠውታል። እንዲህ ያለ ሥራ አሁን ቢሰማ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ይህ ትኩረት መቆየቱን የሚወስነው ግን ከፖለቲካው ይልቅ የልምምድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከሃያ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጠውን የ1919ኙን «የእሳት ወፍ» ስዊት የትልልቅ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ የሆርን ተጫዋቾች ያንን ብቸኛ ዜማ ለሥራ ፈተና ጭምር ያጠኑታል። በአንድ ልምምድ ለመድረክ ይደርሳል፤ አዳራሽም ይሞላል። የሊያቶሺንስኪን ሲምፎኒ ለማቅረብ የሙዚቃ ጽሑፉ መከራየት አለበት፣ ሙዚቀኞቹ ከመጀመሪያው ማጥናት አለባቸው፣ አድማጩም ስሙን ሰምቶ ትኬት እንዲገዛ መጠበቅ ያስፈልጋል። የኦርኬስትራ ሥራ አስኪያጆች የሚቀጥለውን ዓመት ፕሮግራም ሲያወጡ ፊታቸው የሚቀመጠው ሠንጠረዥ ይህን ወጪ እንጂ የደራሲውን የትውልድ አገር አይጽፍም።